ወንጪ ላይ ከፈረስ የወረድንበት እሁድ

ቅዳሜ ጠዋት፦ ከአስኮ እስከ ጊንጪ

መኪናችን ከአስኮ ሲነሳ ገና አልነጋም ነበር፤ ለእኔ ግን ነግቶ ቆይቷል፤ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረማ። መስከረም ገብቷል፣ ትምህርት አልተከፈተም፣ የምንሄደውም አምቦ ነው። ከዚያ ጉደር፣ ከዚያ ደግሞ ዋናው፣ ወንጪ። የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች ሐይቁ ውስጥ ያለችውን ደሴት ተሻግረን ቤተ ክርስቲያኗን ለመሳለም ክረምቱን ሙሉ ስንዘጋጅ ከርመናል። ጉዞውን ለመጽሔታችን እንድጽፍ የተመረጥኩት እኔ ነኝ። ባለፈው ፋሲካ አንዲት አጭር ጽሑፌ ከተነበበች ወዲህ «ሶስና ትጻፈው» የሚል ሰው በዝቷል፤ እኔም እምቢ አላልኩም። እስክሪብቶ ስይዝ ልቤ እንዴት እንደሚሞቅ ብታውቁ!

አብረውኝ ከሄዱት ሦስት ሰዎችን ላስተዋውቃችሁ። ዲያቆን ናሆም የጉዞው መሪ ነው። ዩኒቨርሲቲ በቅርቡ ነው የጨረሰው፤ ሲያስተምር ያስቃል፣ ሲቆጣም ያስቃል። ቤቲ ጓደኛዬ ናት፤ ክፍል ውስጥ አንድ ዴስክ ላይ ነን፣ መኪናው ላይም ያው አንድ ወንበር። እትዬ አስካለ ደግሞ የመዘምራኑን ልብስ የሚሰፉልን እናታችን ናቸው። ትውልዳቸው አምቦ ነው። ደልደል ያሉ ሰው ናቸው፣ ጉልበታቸውንም ያማቸዋል። ቅጥቅጣችን ላይ ሲወጡ ሾፌሩ፣

«እትዬ፣ በእርስዎ በኩል ጎማ ልጨምር እንዴ?» አላቸው።

«ጎማውን ተወውና ፍሬንህን እይ» አሉት፤ መኪናው በሳቅ ተሞላ።

እትዬ አስካለ ስለት ይዘው ነው የሚሄዱት። ልጃቸው ታሞ ሳለ፣ ቢድን ለደሴቷ ቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ ሊያስገቡ ተስለው ነበር፤ ልጁም ዳነ። ባለ ወርቃማ ዘርፍ ቀይ ጃንጥላ፣ በነጠላ ተጠቅልሎ፣ እንደ ሕፃን ጭናቸው ላይ ተኝቷል። ማንም እንዲይዝላቸው አይፈቅዱም።

ሆለታ ላይ ቁርስ በላን፤ ጨጨብሳ በማር። ቤቲ «ቂጣ ፍርፍር እኮ ነው» ብትል እትዬ አስካለ፣ «ጨጨብሳን ቂጣ ፍርፍር ያለ አምቦ አይገባም፤ ኬላ ላይ ይመልሱሻል» አሏት። አዲስ ዓለምን አልፈን ጊንጪ ስንደርስ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ጥቁሩ አፈር ላይ ጤፉ ለጋ ነው፤ ነፋስ ሲነካው ማሳው ሁሉ እንደ ውሃ ይንቀሳቀሳል። በየድንበሩ አደይ አበባ ቢጫ ሆኖ ቆሟል። ከጊንጪ ወደ ሰሜን ጭልሞ ደን ይታያል፤ ተራራው ላይ የተደፋ ጥቁር አረንጓዴ ጋቢ ይመስላል። ዲያቆን ናሆም «እዚያ ውስጥ ጽድና ዝግባ አለ» አለን። ከዚያ በፊት ዝግባን የማውቀው በስሙ ብቻ ነበር። ከሩቅም ቢሆን አየሁት ማለት ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት፦ አምቦና ጉደር

አምቦን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! ትልቅ ከተማ ናት፣ ግን ሰዉ ሁሉ የሚተዋወቅ ይመስላል። ሰላምታቸው ደግሞ አያልቅም። ፓፓያ የምትሸጥ አንዲት ልጅ ከእትዬ አስካለ ጋር «አካም ጅርቱ? ፈያዳ?» ብላ በኦሮምኛ ጀመረች፣ መሐል ላይ «እንዴ፣ መቼ መጡ?» ብላ ወደ አማርኛ ዞረች፣ ስለ እናቷ ስትናገር ተመልሳ ኦሮምኛ ገባች፣ የፓፓያውን ዋጋ ደግሞ በአማርኛ ነገረችን። ሁለት ወንዝ አንድ ላይ ሲፈስ የማየት ያህል ነው። እኔ በአንዱም ቋንቋ እንደዚያ አልፈጥንም።

ፍል ውሃው መዋኛ ገባን። ቤቲ መዋኘት እችላለሁ ብላ ስትፎክር ከርማ ዳር ዳሩን ግድግዳ ይዛ ዞረች። ከሰዓት ጉደር ሄደን ፏፏቴውን አየን። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለሆነ ውሃው ቡናማ ነው፤ ሲወድቅ መሬቱ በእግር ሥር ይንቀጠቀጣል። እዚያው ባለው የዩኒቨርሲቲ ካምፓስ በር ላይ ያገኘናቸው ተማሪዎች ከጅማም፣ ከጎንደርም፣ ከወላይታም የመጡ ናቸው። አንዱ «እዚህ ስመጣ ኦሮምኛ አንድ ቃል አላውቅም ነበር፣ አሁን በኦሮምኛ ነው የምራበው» አለን። የተጠበሰ በቆሎ እሸት ገዝተን እየጋጥን ወደ አምቦ ተመለስን። የምናድርበት ደብር ሰዎች አዳራሻቸውን ጠርገው ፍራሽ አንጥፈው፣ ትኩስ ቅንጬ በቅቤ ይዘው ጠበቁን። «እናንተ የኛ ልጆች ናችሁ» ሲሉን ከልባቸው ነበር።

እሁድ፦ የወንጪ አፋፍ

ቅዳሴ ካስቀደስን በኋላ ወደ ወንጪ ወጣን። መንገዱ ኮረኮንች ነው፤ መኪናው ሲነጥር ጃንጥላውም፣ እትዬ አስካለም፣ እኛም አብረን እንነጥራለን። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ቀዘቀዘ፣ እንሰቱ በዛ፣ ጭጋግ በመስኮት ገባ። ከዚያ መኪናው ቆመና ወርደን አፋፉ ላይ ስንደርስ... በቃ፣ ባለንበት ቆምን። ተራራው መሐሉን ተቦርቡሮ ውሃ የሞሉት ይመስላል። ሐይቁ ከታች ሰማያዊ ሆኖ ተኝቷል፤ መሐሉ ላይ ደሴቷ አለች፤ ዙሪያውን ገደሉ አረንጓዴ ነው። ዲያቆን ናሆም እንኳን ቀልድ ጠፋበት።

ከአፋፉ እስከ ሐይቁ ቁልቁለቱ ረጅም ነው። የቻለ በእግሩ ይወርዳል፣ ያልቻለ ወይም እንደ እኔ ፈረስ ያማረው በፈረስ ይወርዳል። ገና ቆመን ስናይ ወጣቶች ፈረስ እየሳቡ ከበቡን። ከሁሉም የሚያስቀው ገመቹ የሚባለው ነው፤ ፈረሱ ነጭ፣ ግንባሩ ላይ ቀይ የሱፍ ዘርፍ የተንጠለጠለበት።

«ኮቱ፣ ነይ እህቴ! ይሄ ፈረስ አይደለም፣ አውሮፕላን ነው! ሐይቁ ላይ ነው የሚያሳርፍሽ!»

«ሐይቁ ላይ ካሳረፈኝማ እሰጥማለሁ!»

«ዋናም ያውቃል!»

እኔ ነጩ ላይ ወጣሁ። ቤቲ ከጎኔ ቦራው ላይ፣ ዲያቆን ናሆም ጥቁሩ ላይ፣ ሌሎችም አገኙ። እትዬ አስካለን ሁለት ወጣቶች ድንጋይ ላይ አቁመው፣ «አንድ፣ ሁለት፣ ሂድ!» ብለው አወጧቸው። ፎቶ ተነሳን። ፈረስ ላይ ሆኖ ዓለምን ማየት እንዴት ደስ እንደሚል! ሰው ሁሉ ያጥራል።

መንገዱ ወደ ቁልቁለቱ በሚታጠፍበት ቦታ አንዲት ሴት ቆማለች። አጠገቧ ጌጥ የሌላት ዳማ ባዝራ፣ ሴት ፈረስ፣ አለች። ሴትየዋ በሁለት እጇ እርጥብ ሳር ጨብጣ ወደ እኛ ዘርግታለች።

«እዩ! አቀባበል!» አለች ቤቲ። እኛ ሰፈር ለበዓል ሳር ይጎዘጎዛል፣ እንግዳ ሲመጣ ደስታ ነው፤ ሁላችንም የመሰለን እሱ ነው። እልልታውን አቀለጥነው። ስልክ ያለው ሁሉ ፎቶ አነሳት። እኔ እጄን አውለበለብኩላት። እሷ አልሳቀችም፤ ዓይን አፋር ናት ብዬ አሰብኩ።

በዚህ መሐል አንድ ኮት የደረቡ ሽማግሌ በትራቸውን ይዘው መጡ። ኦቦ ቶሎሳ ይባላሉ፤ የፈረሰኞቹ ማኅበር ተራ አስከባሪ ናቸው።

«እንኳን ደህና መጣችሁ» አሉን። «አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። እነዚህን ፈረሶች መርጣችሁ ነው የወጣችሁባቸው?»

«አዎ!» አሉ ልጆቹ ከኋላ። «እንሂድ፣ እንሂድ!» እኔ በቃል አልመለስኩም፤ ራሴን ነቀነቅኩ።

ኦቦ ቶሎሳ በትራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «ሀየ፣ እሺ። እንግዳ ከመረጠ ምን ይደረጋል» አሉና ወደ ሴትየዋ ዞረው በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገሩ። ሴትየዋ ሳሩን አላወረደችም።

እትዬ አስካለ ፈረሳቸው ላይ እንደሆኑ «ኦቦ ቶሎሳ፣ ምን አሉ አሁን? እስቲ ይድገሙልኝ» አሉ። ሦስቱ በኦሮምኛ ተነጋገሩ። ገመቹ ጣልቃ ገብቶ አንድ ነገር ተናገረ፤ እትዬ አስካለ በእጃቸው ዝም አሰኙት። ከዚያ ወደ እኛ ዞሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንጪ ላይ ፈረስ የሚሠራው በተራ ነው። ተራውን የሚሰብረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንግዳ ራሱ አይቶ ሌላ ፈረስ ከመረጠ። እንግዳ ሦስት ጊዜ ያለፈው ፈረስ ደግሞ ከማኅበሩ ይወጣል። ደንቡ የወጣው የታመመ ፈረስ እንዳይሠራ ነበር። ሴትየዋ አደ ጫልቱ ይባላሉ፤ ባላቸው ሲሞት ተራቸውን ወርሰው ብቻቸውን የሚሠሩ ሴት ናቸው። የዛሬው ተራ የእሳቸውና የጥቂት ሽማግሌዎች ነበር። ወጣቶቹ ግን ፈረሶቻቸውን አስጊጠው፣ ተራ ሳይጠራ እንግዳውን ቀድመው ያስቀምጡና «መርጦ ነው» ይላሉ። አደ ጫልቱ ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ታልፈዋል። እኛ ሦስተኛ ነን። ዛሬ ካለፍናቸው ማኅበሩ ውስጥ ቦታ የላቸውም።

«ሳሩስ?» አልኩ።

«ሳሩ አቀባበል አይደለም፣ ልጄ። እኛ አገር ሴት እርጥብ ሳር ይዛ መንገድ ላይ ከቆመች እየተማጸነች ነው። አትለፉኝ ማለቷ ነው። እናንተ እልል አላችሁላት።»

ፈረሶቹ ብቻ ልጓማቸውን ያኝካሉ።

«አውርዱኝ» አሉ እትዬ አስካለ።

ያወጧቸው ሁለቱ ወጣቶች አልተንቀሳቀሱም። ገመቹ ፈገግ ብሎ፣ «እማዬ፣ ይሄ የኛ የቤት ጉዳይ ነው። እናንተ እንግዳ ናችሁ። ደስ ብሏችሁ ውረዱ፣ ደስ ብሏችሁ ውጡ» አላቸው።

ዲያቆን ናሆምም ቀስ ብሎ፣ «እትዬ አስካለ፣ በማናውቀው ባንገባ አይሻልም? እንግዳ አገር አይዳኝም። እኛ ደግሞ የማንንም ተራ አልነጠቅንም» አለ።

«አልነጠቅንም። የተነጠቀው ላይ ተቀምጠናል።»

«ስለትዎስ? ሰዓቱ ሄዷል። በዚህ ጉልበት በእግርዎ አይወርዱም።»

«ስለቱ የእግዚአብሔር ነው። የዚችን ሴት ተራ ረግጬ ባደርስለት ይቀበለኛል?»

ጃንጥላውን ለእኔ አቀበሉኝ። ማንም እንዲይዝ ያልፈቀዱትን ጃንጥላ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጠመጠሙና ኮርቻውን ይዘው በሆዳቸው ተንሸራተቱ። ቀሚሳቸው እርካቡ ላይ ተያዘ። ሌላ ቀን ቢሆን እንስቅ ነበር። መሬት ሲደርሱ በጉልበታቸው ወደቁ፣ ተነሱ፣ አቧራቸውን አራገፉ። ከዚያ ወደ አደ ጫልቱ ሄዱና ከያዙት ሳር ላይ ጥቂት መዘው እሳቸውም ይዘው አጠገባቸው ቆሙ።

እንደዚያ ቀን ያማረ ሰው አይቼ አላውቅም። አንድ ተራራ ሌላ ተራራ አጠገብ የቆመ ይመስል ነበር።

ዲያቆን ናሆም ሳሩን አየ። ፈረሱን አየ። ፊቱ ቀላ፤ ወረደ።

እኔስ? እኔ ነጩ ፈረስ ላይ ነኝ። እውነቱን ልጻፍ፤ መውረድ አልፈለግኩም። ዕድሜዬን ሙሉ ፈረስ ላይ ወጥቼ አላውቅም፤ ደግሞ ነጭ! «ሌሎቹ ከወረዱ ይበቃል» የሚል ሐሳብ መጣብኝ፤ እሱን ሐሳብ ሳየው ግን አስቀየመኝ። እግሬን አዞርኩና ዘለልኩ።

«አንቺም?» አለች ቤቲ። «ሶሲ፣ እኔ እኮ ምንም አላደረግኩም። ውጪ አሉኝ፣ ወጣሁ። የእኔ ጥፋት ምንድን ነው?»

ቤቲና ሌሎች ሁለት ልጆች ሳይወርዱ በፈረሶቻቸው ወደ ሐይቁ ቀደሙን፤ የቀሩት አንድ በአንድ ወረዱ።

«እሺ፣ አሁን እንግዶች ምን ይላሉ?» አሉ ኦቦ ቶሎሳ።

ዲያቆን ናሆም መለሰ። «ቅድም አዎ ያልነው ተራ መኖሩን ሳናውቅ ነው። መምረጥ አይባልም። አሁን አውቀናል፤ በተራው ይሁን።»

ኦቦ ቶሎሳ ባርኔጣቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉ። ከዚያ «ጫልቱ!» ብለው ጠሩ። አጠገባቸው የቆመችን ሴት ለመጥራት ያን ያህል መጮህ አያስፈልግም ነበር፤ እሳቸው ግን ሸለቆው ሁሉ እንዲሰማ ጮኹ።

«አቤት!» አሉ አደ ጫልቱ። ባዝራዋን ወደፊት ሳቡ።

ገመቹ አኮረፈ። «ይቺ ከሲታ እትዬን ተሸክማ መንገድ ላይ ትሞትባችኋለች!» አለ።

«አንተን ዘጠኝ ወር የተሸከመችህ አልሞተችም፤ እሷም አትሞትም!» አሉት እትዬ አስካለ። ጓደኞቹ እንኳን ሳቁበት። እሱም ይዞት የነበረው ሳቅ አመለጠው። ትንሽ ቆይቶ መጥቶ የባዝራዋን ኮርቻ ነካ አደረገና «መቀነቻው ላልቷል» ብሎ አጠበቀው። አደ ጫልቱ አላመሰገኑትም፤ አልከለከሉትምም።

ወደ ሐይቁ

እትዬ አስካለ ዳማዋ ላይ ወጡ፤ እኔ ጃንጥላውን ታቅፌ ከጎናቸው በእግሬ ወረድኩ። ጎዳናው ድንጋያማ ነው፤ በግራ በቀኝ የገብስ ማሳ፣ ትናንሽ ጅረቶች፣ ደጃፋቸው ላይ ማር የሚሸጡ ቤቶች አሉ። ያገኘነው ሰው ሁሉ ሰላም ይለናል። አደ ጫልቱ አማርኛ እንደሚችሉ ያወቅሁት እዚያ ነው።

«ገመቹ ክፉ ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ገመቹ ልጅ ነው። አሳድጌዋለሁ ማለት ይቻላል፤ ነገ መጥቶ ቤቴ ይበላል» አሉ። ትንሽ ሄደን ቆም አሉ። «የከበደኝ የናንተ እልልታ ነው። መኪናችሁ ላይ መስቀል አየሁ። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ናቸው፣ እነዚህ አያልፉኝም ብዬ ነው ሳሩን የነጨሁት።»

እዚህ ላይ ምን ብዬ እንደምጽፍ አላውቅም። ብዙ ጊዜ ሞክሬ ሰረዝኩት። እንዳሉት ብቻ አስቀመጥኩላችሁ።

ሐይቁ ጋ ስንደርስ ነፋስ ተነስቶ ነበር። ውሃው ከላይ ሲታይ ጸጥ ያለ ነበር፤ አሁን ዳርቻውን በጥፊ ይመታል። ጀልባ ቀዛፊው አንገቱን ነቀነቀ። «ከሰዓት ነፋስ ከተነሳ አልገባም። ቀደም ብላችሁ ብትመጡ! ቅድም በፈረስ የመጡትን ሦስት ልጆች አሻግሬ መመለሴ ነው።»

ቤቲና ሁለቱ ልጆች ደሴቷን ተሳልመው ተመልሰው ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። እኛ የወረድነው አልደረስንም። ይኸው ነው። እንደ ተረት ቢሆን ነፋሱ ጸጥ ይል ነበር፤ እኛ ስንቆም ግን ባሰበት።

ሁላችንም እትዬ አስካለን አየን። ጃንጥላውን ከእኔ ተቀበሉ፣ ከነጠላው አወጡት፣ ዳርቻው ላይ ቆመው ዘረጉት። ቀዩ በግራጫው ሐይቅ ፊት ሲከፈት! ወደ ደሴቷ ሦስት ጊዜ ሰገዱ። ከዚያ አጥፈው ለአደ ጫልቱ ሰጧቸው።

«በበዓሉ ቀን እኔ አስገባዋለሁ» አሉ አደ ጫልቱ። «የልጅሽን የክርስትና ስም ንገሪኝ፤ ለቄሱ እንድነግር።»

እትዬ አስካለ ጆሯቸው ላይ ነገሯቸው። ከዚያ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ የምትሸጥ ልጅ ጠርተው ለሁላችንም ገዙ። «ምን ታለቅሳላችሁ? ስለት ዘገየ እንጂ ቀረ እንዴ? ብሉ፣ ዳገቱ ይጠብቃችኋል!» አሉ። ድንቹ እንዲያ የሚጣፍጥ ነው ብዬ አስቤ አላውቅም።

ሰኞ፦ ወደ ቤት

ከአምቦ ስንነሳ ማንም መዝሙር አልጀመረም። ጊንጪ ልንደርስ ስንል ዲያቆን ናሆም ተነስቶ የወንበሩን ብረት ይዞ ቆመ። ሊቀልድ መስሎን ፈገግ አልን።

«እስጢፋኖስን በድንጋይ ሲወግሩት» አለ፣ «ሳውል አንዲት ጠጠር አልወረወረም። ወጋሪዎቹ ልብሳቸውን እግሩ ሥር አስቀመጡ፤ እሱ ጠበቀላቸው። በቃ፣ ያደረገው ይኸው ነው። ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ አስተማርኳችሁ! ሁልጊዜም ስለ ወጋሪዎቹ ነበር የማወራው። ትናንት ግን ‹እንግዳ ነን› ስል እኔም ልብስ እየጠበቅኩ ነበር። እትዬ አስካለ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

«አይ ልጄ፣ እኔ ጉልበቴን ስለሚያመኝ ነው የወረድኩት» አሉ እትዬ አስካለ፤ መኪናው በሳቅ ተናወጠ።

ቤቲ ግን አልሳቀችም። እጇን አወጣች፣ ልክ እንደ ክፍል ውስጥ። «ዲያቆን፣ ታዲያ በዓለም ላይ ያለውን ጥፋት ሁሉ እኔ ልከልክል ነው? በየመንገዱ ስንት ነገር እናያለን። ማን ይችላል?»

«ሁሉንም አትችይም። እኔም አልችልም።»

«እና?»

«የተቀመጥሽበትን። ከሱ ብቻ ውረጂ።»

ቤቲ በመስኮት ወደ ጤፉ ማሳ ዞረች። ተቆጥታ ይሁን ተክዛ አላወቅኩም፤ አልጠየቅኳትምም። ሆለታን ስናልፍ ከቦርሳዋ የደሴቷን ጸበል የያዘች ትንሽ ፕላስቲክ ጠርሙስ አወጣች። ተነስታ ወደ ፊት ሄደችና እትዬ አስካለ እጅ ላይ አስቀመጠችው። እሳቸውም ጉንጯን ሳሟት። ተመልሳ ስትቀመጥ «ምንም እንዳትጽፊ» አለችኝ። ይኸው ጻፍኩ። አሁን አንብባ ፈቅዳልኛለች።

አስኮ ስንገባ ዝናብ እየጣለ ነበር። እናቴ ፌርማታው ላይ ጃንጥላ ይዛ ጠበቀችኝ። መንገድ ላይ ሁሉንም ነገርኳት፤ ጭልሞን፣ ፏፏቴውን፣ ጨጨብሳውን፣ አደ ጫልቱን። «ታዲያ ደሴቷን ሳታዪ መጣሽ?» አለችኝ። አላየሁም። ግን ከዚህ ጉዞ የያዝኩት ነገር አለ። ክፉ ነገር ሲሠራ ክፉ የሚሠሩት ጥቂቶች ናቸው፤ የቀረነው ራሳችንን እየነቀነቅን እናሳልፈዋለን፤ እሱ ደግሞ ምንም አይመዝንም፣ አያደክምም፣ እንዲያውም ደስ ይላል። እኔ ነጭ ፈረስ ላይ ሆኜ ሳደርገው ደስ ብሎኝ ነበር። ለዚህ ነው የምፈራው።

ይህን ጽሑፍ ልጨርስ ስል እትዬ አስካለ ከአምቦ ዘመዶቻቸው ጋር በስልክ ተነጋግረው ወሬ ይዘውልኝ መጡ። ኦቦ ቶሎሳ አዲስ ነገር ጀምረዋል፤ እንግዳ ገና ከመኪና ሲወርድ ማንም ፈረስ ሳይቀርብ ተራውን ጮክ ብለው ይጠራሉ፣ እንግዳውም ሰምቶ ነው የሚወጣው። የአደ ጫልቱ ስም እየተጠራ ነው። ዳማዋም እየሠራች ነው። አደ ጫልቱ ሰላምታ ልከውልኛል። ስሜን ስለማያውቁ «ያቺ ከነጩ ፈረስ ላይ የወረደችው ልጅ» ብለው ነው የሚጠሩኝ አሉ።

በደስታ ዘለልኩ። ስንተኛ እንደወረድኩ አደ ጫልቱ አልቆጠሩም። እኔ ግን ቆጥሬያለሁ፤ ሦስተኛ ነኝ።